የሚረሳን ሰው የማስታወሻ ደብተር ማስለመድ፦ ከስትሮክ ወይም ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ለሚያስታምሙ ዝርዝር መመሪያ

ደብተሩ ተገዝቷል። በመጀመሪያው ገጽ የቤተሰቡ ስልክ ቁጥሮች በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ሰፍረዋል። በሁለተኛው ገጽ የአንድ ቀን መርሐ ግብር አለ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ገጾች በሙሉ ነጭ ናቸው። በኦኩፔሽናል ቴራፒ (ታካሚ የዕለት ተግባሩን ራሱ እንዲሠራ በሚያግዝ ሕክምና) ሥራዬ ይህን ደብተር በብዙ ቤት አይቼዋለሁ። ቤተሰቡ የሚነግረኝም አንድ ነው፦ «ሰጥተነው ነበር፤ ግን አይጠቀምበትም።»

አለመጠቀሙ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ስንፍናም እልኸኝነትም አይደለም። ደብተር ለመክፈት ደብተር መኖሩን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የተጎዳው ደግሞ ይኸው ማስታወስ ነው። ስለዚህ ደብተሩን እጁ ላይ አስቀምጦ መሄድ አይበቃም። እጁ በራሱ ወደ ደብተሩ መሄድ እስኪለምድ ድረስ ማሠልጠን ያስፈልጋል። ይህ የሚቻል ነገር ነው። ትናንት ማን ሊጠይቀው እንደመጣ መናገር የማይችል ሰው እንኳ በድግግሞሽ የእጅ ልማድ ሊያበጅ ይችላል፤ አንጎል ልማድን የሚይዝበት መንገድ ትናንት የሆነውን ከሚይዝበት መንገድ የተለየ ነውና። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ በቀረው ችሎታ ላይ የተመሠረተ ነው።

የምትከታተሉት ቴራፒስት ካለ መመሪያውን አብራችሁ አንብቡት። ከሌለም ደረጃዎቹን ሳትዘሉ በቅደም ተከተል ሂዱ።

በመጀመሪያ፦ ችግሩ መርሳት መሆኑን አረጋግጡ

መርሳት የሚመስል ሁሉ መርሳት አይደለም። ይህን ሳይለዩ የጀመሩ ሰዎች ሳምንታት ደክመው መጨረሻ ላይ ታካሚውን ይወቅሳሉ።

ግራ መጋባቱ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ ከሆነ፣ ወይም አንዴ ሻል አንዴ ባስ የሚል ከሆነ ሥልጠና አትጀምሩ። ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ እጥረት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ወይም አዲስ የአንጎል ደም መፍሰስ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የንግግር መንተባተብ፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ወይም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ካለ ደግሞ አንድ ደቂቃ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ከጭንቅላት አደጋ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ወይም ሳምንታት ታካሚው የት እንዳለና ምን እንደደረሰበት ጨርሶ መያዝ የማይችልበት ጊዜ አለ። ያ ጊዜ ሳያልፍ አታሠልጥኑት። ጸጥ ያለ ክፍል፣ ጥቂት ጠያቂ፣ አጭር ንግግርና ብዙ እንቅልፍ ይበቃዋል።

ከዚያ እነዚህን አራት ነገሮች ፈትሹ።

1. መስማትና ማየት። መነጽሩ አለ? የመስሚያ መሣሪያው ባትሪ ይሠራል? ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለልም ይኸው ነው።
2. ትኩረት። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ንገሩትና ወዲያውኑ እንዲደግመው ጠይቁት። ወዲያው መድገም ካልቻለ ነገሩ ከመጀመሪያውም አልገባም ማለት ነው። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ሰው ቀንሱ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ እንደገና ሞክሩ።
3. ቋንቋ። በተለይ የአንጎል ግራ ክፍል ሲጎዳ ንግግር መረዳትም ማንበብም ሊበላሽ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ደብተሩ በቃላት ሳይሆን በሥዕልና በፎቶ ይሠራ።
4. የግራ ወገንን መዘንጋት። የቀኝ አንጎል ጉዳት ያለበት ሰው የሳህኑን ግራ ግማሽ ሳይበላ ሊተው፣ መስመርም ከመሃል ጀምሮ ሊያነብ ይችላል። ዓይኑ ያያል፤ ትኩረቱ ግን ወደዚያ አይሄድም። ለእንዲህ ያለ ሰው በእያንዳንዱ ገጽ ግራ ጠርዝ ላይ ወፍራም ቀይ መስመር አስምሩና «ቀዩን መስመር ሳታገኝ ማንበብ አትጀምር» የሚለውን ደንብ ከሥልጠናው ጋር አስተምሩ።

እዚህ ላይ ስለ ፈተና ነጥብ አንድ ነገር ልበል። ሞካ የሚባለው አጭር የትውስታና የአስተሳሰብ መፈተኛ ከ30 ይታረማል፤ ችግር መኖሩን ለመጠርጠር ይጠቅማል። ታካሚው መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ይችል እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ነጥቡን ከፍ ለማድረግ ብላችሁ የፈተናውን ቃላት አታስጠኑት። የኮምፒውተር የትውስታ ጨዋታም ቢሆን በዋናነት የሚያሻሽለው ያንኑ ጨዋታ ነው፤ ወደ ዕለት ኑሮ የሚሻገረው ጥቂት ነው። ጊዜና ጉልበት ካላችሁ በሚፈለገው ሥራ ላይ አውሉት።

ዝግጅት፦ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ያለው ሳምንት

1. ሦስት ቀን ዝም ብላችሁ መዝግቡ። በምን ሰዓት ምን ተረሳ? ከዚያ በፊት ምን እየተደረገ ነበር? ምን ሲባል ወይም ምን ሲታይ ትዝ አለው? በእነዚህ ሦስት ቀናት አታርሙ፣ አታስተምሩ። መነሻችሁን ካላወቃችሁ ለውጥ መኖሩን በኋላ ማወቅ አትችሉም።

2. አንድ ተግባር ብቻ ምረጡ። «ትውስታው እንዲሻሻል» ግብ አይሆንም። «በየቀኑ የሚጠብቀውን ነገር ሌላ ሰው ሳይጠይቅ ከደብተሩ ማወቅ» ግብ ነው። ምርጫው የታካሚው ይሁን፤ እናንተን ያሰለቸው ጥያቄ እሱን ላያስጨንቀው ይችላልና። ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች በሚጠቀሙበት የካናዳው የክንውን መለኪያ ታካሚው የመረጠውን ተግባር አሁን ምን ያህል እንደሚሠራውና ምን ያህል እንደሚያረካው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። እናንተም ሁለቱን ቁጥሮች ከቀኑ ጋር ጽፋችሁ አስቀምጡ። በኋላ የ2 ነጥብ ለውጥ ካያችሁ ቁም ነገር ያለው ለውጥ ነው።

3. ደብተሩን አዘጋጁ። መጠኑ አንድ እጅ የሚይዘው ይሁን፤ በእጅ ቦርሳ ወይም በኮት ኪስ ካልገባ ቤት ይቀራል። ሽፋኑ ቤት ውስጥ ካሉት ሌሎች ደብተሮች የተለየ፣ ከሩቅ የሚታይ ቀለም ይኑረው። እስክሪብቶው በገመድ ይታሰርበት። ዛሬ ያለበት ገጽ በወፍራም ቅንጥብ ተይዞ ደብተሩ ሲከፈት በቀጥታ እዚያ ይከፈት።

ክፍሎቹ ሦስት ብቻ ይሁኑ፦ «ስለ እኔ» (ስሜ፣ የት እንደምኖር፣ ምን እንደደረሰብኝ በሦስት መስመር)፣ «ዛሬ» እና «ሰዎች» (ፎቶ፣ ስም፣ ዝምድና፣ ስልክ)። ብዙ ቤተሰቦች ፍቅራቸው አይሎ ስምንት ዘጠኝ ክፍል ያደርጉታል። አታድርጉ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ክፍል ታካሚው የሚሳሳትበት አንድ ተጨማሪ ቦታ ነው። ከወር በኋላ የሚያስፈልግ ከሆነ ያኔ ይጨመራል።

የ«ዛሬ» ገጽ ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ ሰዓት፣ ምን፣ ተደርጓል። ከላይ ቀኑ በትልቁ ይጻፍ።

4. ቦታ፣ ሰዓትና ቃል ወስኑ። ደብተሩ ቤት ውስጥ አንድ ቋሚ ቦታ ይኑረው። ልምምዱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ከዕረፍት በኋላ ይሁን። አንጎሉ የተጎዳ ሰው የሚደክመው እኛ ከምናስበው በጣም ቀድሞ ነው፤ የደከመ ሰው ደግሞ ስሕተትን ይለማመዳል። ከዚያ በደረጃ 1 የምታገኙትን ጥያቄና መልስ በወረቀት ጽፋችሁ ሁላችሁም የምታዩበት ቦታ ለጥፉ። አንዱ «ደብተርህን እይ»፣ ሌላው «ማስታወሻህስ?»፣ ሦስተኛው «ጽፈህ የለ እንዴ?» ካለው ለእናንተ አንድ የሆነው ነገር ለእሱ ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

አጠራሩም እንደ ቀድሞው ይሁን። «እርስዎ» ሲባል የኖረን አባት ስለታመመ «አንተ» አትበሉት፤ እንደ ሕፃንም አታነጋግሩት።

ደረጃ 1፦ ደብተሩ ምን እንደሆነ እንዲያውቅ ማድረግ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው፤ የሚወድቀውም እዚሁ ነው። ሶልበርግና ማቲር የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሥራ የደብተር ሥልጠናን በሦስት ምዕራፍ ከፍለውታል፦ ማወቅ፣ መጠቀምና ማላመድ። ማወቁ ሳይጸና መጠቀም ውስጥ መግባት መሠረት ሳይቆፍሩ ግድግዳ ማቆም ነው።

አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ይኑራችሁ።

ጥያቄ፦ «ዛሬ ምን እንዳለዎት ለማወቅ ምን ያደርጋሉ?»
መልስ፦ «ደብተሬን እከፍታለሁ።» መልሱ በቃል ብቻ አይቁም፤ እየተናገረ እጁ ደብተሩን ይክፈት።

አካሄዱ እንዲህ ነው።

1. መጀመሪያ መልሱን ራሳችሁ ንገሩት፦ «ዛሬ ምን እንዳለዎት ማወቅ ሲፈልጉ ደብተርዎን ይከፍታሉ።» ከፍታችሁ አሳዩት።
2. ወዲያውኑ ጠይቁት። ይመልስ፣ ይክፈት።
3. ስለ ሌላ ነገር እየተጫወታችሁ ወይም ልብስ እያጣጠፋችሁ 30 ሰከንድ አሳልፉ። ጠይቁት።
4. ከተሳካ ክፍተቱን በእጥፍ እያሳደጋችሁ ሂዱ፦ 1 ደቂቃ፣ 2፣ 4፣ 8።
5. ካልተሳካ መልሱን ያለ ምንም ወቀሳ ወዲያውኑ ንገሩት፤ ይድገመው፣ ይክፈት። ከዚያ ወደተሳካለት የመጨረሻ ክፍተት ተመለሱ። 8 ደቂቃ ላይ ከወደቀ ወደ 4 ማለት ነው።
6. በሚቀጥለው ልምምድ መጀመሪያ ላይ ምንም ሳትነግሩት ጠይቁት። በተከታታይ ሦስት ቀን በመጀመሪያው ጥያቄ ከመለሰና ከከፈተ ይህ ደረጃ አልቋል።

በጥያቄዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ በዝምታ አትለፉት። ዝም ካላችሁ ታካሚው መልሱን በልቡ እየደጋገመ ይቆያል፤ የምትለኩትም መልሱ ተረስቶ ተመልሶ መምጣቱን ሳይሆን መደጋገሙን ይሆናል። መጫወት ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ግምትን ከልክሉ

መመሪያውን ሙሉ ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ይህን ክፍል ብቻ ቢያነብ እመርጣለሁ።

በቀን ሃያ ጊዜ «ታስታውሳለህ?» የሚባል ሰው አለ። «ይቺ ማን ናት? እስቲ አስታውስ። በ‹ሀ› ይጀምራል…» ጠያቂው ትውስታን የሚያነቃቃ ይመስለዋል። ትውስታው በከባድ ሁኔታ ለተጎዳ ሰው ግን ይህ ጉዳት ነው። አለን ባድሌይና ባርባራ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ከባድ የመርሳት ችግር ያለባቸው ሰዎች እንዲገምቱ ከመጠየቅ ይልቅ ትክክለኛው መልስ ቀድሞ ሲነገራቸው የተሻለ ተምረዋል። ምክንያቱን መረዳት ይጠቅማችኋል። ጤነኛ ሰው ሲሳሳት «ቅድም እንዲህ ብዬ ተሳስቻለሁ» ብሎ ያስታውስና ያርማል። ይህ ሰው መሳሳቱን አያስታውስም፤ ከአፉ የወጣው ቃል ወይም እጁ የሄደበት ቦታ ግን አሻራ ጥሎ ያልፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ያው ስሕተት ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ፦

- «ታስታውሳለህ?» እና «እስቲ ገምት» የሚሉትን ቃላት ከቤቱ አውጡ።
- በልምምዱ መጀመሪያ ሁልጊዜ ይህን ንገሩት፦ «እርግጠኛ ካልሆኑ አይገምቱ፤ ‹አላውቅም› ይበሉኝ፣ እነግርዎታለሁ።»
- እጁ ወደ ሌላ ዕቃ ሲሄድ ካያችሁ ሳይደርስ በእርጋታ ያዙትና ወደ ደብተሩ ምሩት። ከተሳሳተ በኋላ «አይደለም» ማለት ዘግይቷል።
- ከጥያቄው በኋላ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ካልመለሰ ንገሩት። ጭንቀት ውስጥ ሲገባ ማየት አያስተምርም።

በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት እኔም ታካሚ ሲቸገር «ትንሽ ይታገል፣ ይጠቅመዋል» ብዬ የታገሥኩባቸው ጊዜያት ነበሩ። አንዲት ሴት ሁልጊዜ ሰዓቷን ለማየት የምትዘረጋው እጅ ወደ ባዶ መሳቢያ ይሄድ ነበር፤ መሳቢያውን ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ፣ በመጠበቄ።

ይህ ደንብ ግን ለሁሉም እኩል አይሠራም። ትውስታው በመጠኑ ብቻ ተጎድቶ ዋናው ችግር ድክመቱን አለማወቅ ወይም ማቀድ አለመቻል የሆነ ሰው ከራሱ ስሕተት ሊማር ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ሌላ አካሄድ ተጠቀሙ፦ ከሥራው በፊት «ስንት ነገር ሳትረሳ የምትጨርስ ይመስልሃል?» ብላችሁ ግምቱን ይጻፍ፣ ሥራውን ይሥራ፣ ከዚያ ግምቱንና ውጤቱን ራሱ ያመሳክር። ማመሳከሩን እናንተ አትሥሩለት።

ደረጃ 2፦ ሳይጠየቅ መክፈት

በደረጃ 1 ጥያቄው የእናንተ ነበር። አሁን ጥያቄውን ከእናንተ ወደ ደወል እናዛውራለን። ደወል ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመና 143 ሰዎች የተሳተፉበት የእንግሊዝ ጥናት በኪስ በሚያዝ የመልእክት መቀበያ በተወሰነው ሰዓት ማሳሰቢያ መላክ የዕለት ተግባራትን በማስፈጸም ረገድ ብዙዎቹን እንደጠቀመ አሳይቷል። ዛሬ ያንኑ ሥራ ማንኛውም ስልክ ይሠራል።

1. በስልኩ ላይ ሦስት ደወል ሙሉ፦ ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ቀትር ላይ፣ ማታ ከመኝታ በፊት። ድምፁ ከጥሪና ከመልእክት ድምፅ የተለየ ይሁን።
2. ስልኩን ደብተሩ ላይ አስቀምጡት። ይህ ዋና ነገር ነው። ስልኩ ሌላ ክፍል ከሆነ ታካሚው ሄዶ ያጠፋዋል፤ ድምፁ ሲጠፋ ለምን እንደሄደም አብሮ ይጠፋል።
3. ቅደም ተከተሉን በተመሳሳይ መንገድ አሠልጥኑ፦ ደወል ሲሰማ ደብተሩን ያንሳ፣ ይክፈት፣ የ«ዛሬ»ን ገጽ ድምፅ አውጥቶ ያንብብ፣ ከዚያ ደወሉን ያጥፋ። ማጥፋት መጨረሻ ነው።
4. ድጋፋችሁን በዚህ መሰላል ቀንሱ፦ እጁን ይዞ ከመናገር፣ በቃል ብቻ ወደመናገር፤ ከዚያ «ደወሉ ጮኸ፣ አሁን…» ብሎ ወደማቋረጥ፤ ከዚያ ወደ ደብተሩ ወደመጠቆም፤ ከዚያ አጠገቡ ቆሞ ዝም ወደማለት፤ በመጨረሻም ክፍሉን ለቆ ወደመውጣት።

ሁለት ቀን በተከታታይ ሦስቱም ደወሎች ከተሳኩ ድጋፋችሁን በመሰላሉ አንድ እርከን ቀንሱ። አንድ ቀን ከተበላሸ አንድ እርከን ተመለሱ እንጂ ከመጀመሪያው አትጀምሩ። ድጋፍን በአንድ ጊዜ መንጠቅ ስሕተት ነው፤ ሥራው ተሳክቷል ብሎ ድጋፉን ለዘላለም ማቆየትም ስሕተት ነው። ሁለተኛው ስለማይታይ ይበልጥ ይቆያል።

ደረጃ 3፦ መጻፍ

እስካሁን ገጹን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። አሁን እስክሪብቶውን አስረክቡ።

ደንቡ አጭር ነው፦ ወደፊት የሚደረግ ነገር ሲነገረው፣ ተናጋሪው ሳይሄድ ይጻፋል። «በኋላ እጽፈዋለሁ» የሚባል ነገር ለዚህ ሰው የለም። የሚጻፈው ሦስት ነገር ነው፦ ምን፣ መቼ፣ ከማን ጋር።

በጨዋታ መልክ ተለማመዱ። በአንድ ልምምድ አምስት ሐሰተኛ መልእክት ንገሩት፦ «ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለዎት።» «ቆይ፣ ልጻፈው» የሚለውን አባባል አስጠኑት። አባባሉ ጊዜ ይገዛለታል፤ ሰው ፊት የሚሰማውንም ኀፍረት ያቀልለታል። ልምምዱ ሲያልቅ ሐሰተኞቹን ገጾች አብራችሁ ቀድዳችሁ ጣሉ። ከቀሩ ሐሙስ ጠዋት ለብሶ ይጠብቃችኋል።

የ«ተደርጓል» ዓምድ የራሱ ደንብ አለው፦ ምልክት የሚደረገው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሲጀመር ወይም ሲታሰብ አይደለም። ይህን በቀላል ሥራ ተለማመዱት፤ ለምሳሌ ተክል ውኃ ማጠጣት። ያጠጣል፣ ባልዲውን ያስቀምጣል፣ ምልክት ያደርጋል።

የሚጽፍበት እጅ ከተጎዳ በሌላው እጅ አጭር ቃል፣ ተለጣፊ ምልክት ወይም የስልክ ድምፅ መቅጃ ይጠቀም። የእጅ ጽሑፉ አያምርም፤ ይነበባል? በቃ። አታሳምሩለት።

ማስጠንቀቂያ፦ መድኃኒት። ደብተሩ ብቻውን የመድኃኒት ጠባቂ አይሁን። በቀናትና በሰዓት የተከፋፈለ የመድኃኒት ሣጥን አብሮ ይኑር፤ በየማታው ሌላ ሰው ሣጥኑንና ምልክቱን ያመሳክር። ምልክት አለ፣ ኪኒኑ ግን ሣጥኑ ውስጥ አለ? ሣጥኑን እመኑ። አንድ ጊዜ ከታለፈ ደግሞ በግምት ደርባችሁ አትስጡ፤ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ጠይቁ። እሳትና ጋዝ፣ መኪና መንዳት፣ ገንዘብ ማስተዳደርም እንዲሁ በደብተር ብቻ የሚለቀቁ ነገሮች አይደሉም። ባለሙያ ገምግሞ ይወስን።

ደረጃ 4፦ ከቤት ማውጣት

በሳሎን የሠራ በሆስፒታል ላይሠራ ይችላል። ቤት ውስጥ በራሱ የሚከፍት ሰው በዘመድ ቤት ደብተሩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «ዛሬ ምንድን ነው?» ሲል ታዩታላችሁ። አትደንግጡ፤ የተጎዳ አንጎል ልማዱን ከተማረበት ቦታና ሰው ጋር አጣብቆ ነው የሚይዘው።

ጆአን ቶግሊያ የተባሉ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ካስፋፉት አካሄድ የተወሰደው ምክር ይህ ነው፦ ዘዴው አንድ ሆኖ ይቆይ፣ ዙሪያው ጥቂት በጥቂት ይለወጥ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። መጀመሪያ ቦታው (ሌላ ክፍል)፣ ከዚያ ሰው (ሌላ የቤተሰብ አባል)፣ ከዚያ ጫጫታ፣ ከዚያ ከቤት ውጭ። በእያንዳንዱ አዲስ ሁኔታ በመሰላሉ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ተመልሳችሁ ጀምሩ። ከመውጣታችሁ በፊት በበሩ ላይ «ስልክ፣ ደብተር፣ መነጽር» የሚል ወረቀት በዓይኑ ትክክል ለጥፉ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*«እኔ ደብተር አያስፈልገኝም፣ አልረሳም» ይላል።* ብዙ ጊዜ ይህ ኩራት አይደለም፤ ጉዳቱ ራሱ ድክመትን የማወቅ ችሎታን ነክቶታል። አትከራከሩት፣ የረሳቸውን ነገሮች ዝርዝር አታንብቡለት። «ለአንተ ባይሆንም እኔ እንዳልጠይቅህ» ብላችሁ ከሚወደው አንድ ነገር ጋር አያይዙት፦ የሚከታተለው የኳስ ጨዋታ ሰዓት፣ የልጅ ልጁ የምትደውልበት ቀን። ጥቅሙ ሲታየው ክርክሩ ይቀንሳል።

*ይከፍታል፣ ያነባል፣ ግን አያደርግም።* ችግሩ መርሳት ሳይሆን ሥራ መጀመርና ማቀድ ሊሆን ይችላል። «ልብስ ማጠብ» የሚለውን ትልቅ ሥራ «ቅርጫቱን አንሣ» በሚል የመጀመሪያ እርምጃ ቀይሩት። ከዚያ አራት ቃል አስለምዱት፦ ግቡ ምንድን ነው፣ ዕቅዱ ምንድን ነው፣ አድርገው፣ ሠራ ወይ?

*አንድ ነገር አምስት ጊዜ ይጽፋል።* ከመጻፉ በፊት ገጹን ከላይ እስከ ታች በጣቱ እንዲከተል አሠልጥኑት። በደረጃ 1 ዘዴ የሚሰጥ ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ከመጻፍዎ በፊት ምን ያደርጋሉ?» «ገጹን በጣቴ አነባለሁ።»

*ያልሆነ ነገር እንደሆነ አድርጎ ይጽፋል።* ውሸታም አትበሉት። አንጎሉ ክፍተቱን በራሱ ታሪክ እየሞላ ነው፤ እሱም ያምነዋል። ተከራክራችሁ አታሸንፉም። የሚጻፈው ነገር ሲነገረው ብቻ ይጻፍ፣ ማታ ከእናንተ አንዱ አብሮት ያንብበው።

*ደብተሩ ይጠፋል።* የ«ሰዎች»ንና የ«ስለ እኔ»ን ገጾች ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ቀድሞ ይሄድባቸው የነበሩ ቦታዎችን እዩና ቋሚ ቦታውን ወደዚያ አዛውሩ። ሰውየው ወደ ደብተሩ ካልሄደ ደብተሩ ወደ ሰውየው ይሂድ።

*ከደረጃ 1 አያልፍም።* አሥር ልምምድ ያህል አድርጋችሁ ከ1 ደቂቃ ካላለፈ መጀመሪያ ጥያቄውን አሳጥሩ፤ ድካምን፣ እንቅልፍንና የሚያደነዝዝ መድኃኒት መኖሩን ከሐኪም ጋር ፈትሹ። አሁንም ካልሆነ ደብተሩን ተዉት። በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ሰሌዳ፣ በመሳቢያዎች ላይ የሚለጠፍ ስምና የማይለወጥ የቀን ውሎ የተሻለ ያገለግሉታል። አካባቢን ማስተካከል ሽንፈት አይደለም፤ ሕክምናው ሰውየውን ትቶ ቤቱን አሠለጠነ ማለት ነው።

*እናንተ ደከማችሁ።* ሁለት ቀን እረፉ፣ ደወሉ ብቻ ይቀጥል። ተቆጥታችሁ የምታደርጉት ልምምድ ደብተሩን ከቁጣ ጋር ያጣብቀዋል፤ ነገሩ ቢረሳም ስሜቱ ይቀራል።

መመዘንና መልቀቅ

በየቀኑ አንድ ቁጥር ጻፉ፦ ከሦስቱ ደወሎች በስንቱ ያለ እናንተ እርዳታ ከፈተ? ሁለት ሳምንት ያለ ለውጥ ካለፈ አካሄዱን ለውጡ እንጂ ልምምዱን አታብዙ። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ በዝግጅት ጊዜ ያስቀመጣችኋቸውን ሁለት ነጥቦች አውጥታችሁ የድሮውን ሳታሳዩት እንደገና ጠይቁት።

ሲሳካ ድጋፋችሁን ልቀቁ፣ ደወሉን ግን አትንኩ። ደወሉን የሚያጠፉት «አሁን ለምዷል» ብለው ነው፤ በሳምንቱ ደብተሩ ይዘጋል። ጤነኛ ሰውም በደወል ነው የሚነሣው።

ደብተሩ ሲያልቅ አዲሱን ቀድማችሁ አዘጋጁ፦ ያው ቀለም፣ ያው መጠን፣ ያው ሦስት ክፍል። የ«ስለ እኔ»ንና የ«ሰዎች»ን ገጾች ራሱ በእጁ ይገልብጣቸው። ለአንድ ሳምንት ሁለቱንም በላስቲክ አስራችሁ አብረው ይቀመጡ፣ አዲሱ ከላይ። ከዚያ አሮጌውን ሳትጥሉ ሊያየው በሚችል ቦታ አስቀምጡለት። ያለፉት ወራት የት እንደገቡ ሲጠይቅ የምታሳዩት እሱን ነው፣ በራሱ እጅ የተጻፈ።